አምስተኛው ጀሪካን ላይ ተሰበረ

ድሬ፣ ሳቢያን ውስጥ ትንሽ የሲሚንቶ ሥራ ግቢ አለኝ። የአበባ ገንዳ፣ የአጥር ክዳን፣ የመስኮት ጥላ እናወጣለን።

ያስመረረኝ የመስኮት ጥላው ነው። ፌሮ ካስገባሁበት ከ5 ሳንቲ በታች አላሳንሰውም። ብረቱ እንዳይዝግ ከላይም ከታችም 2 ሳንቲ ያህል መሸፈን አለበት። ያን ድንጋይ የሚያነሱት አራት ሰዎች ናቸው። ሽቦ ወንፊትም ሞክሬ ነበር፤ በሁለት ዓመቱ ዝጎ ጠርዙን ፈነቀለው።

በመጨረሻ የመስታወት ክር መረብ ገዛሁ። ጥቅልሉ 1 ሜትር በ50 ሜትር ነው፣ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር። መስታወት ስለማይዝግ ስስ ልባስ ይበቃዋል። ጥላዬ አሁን 2 ሳንቲ ሆኗል፤ ሁለት ልጆች ያነሱታል።

ለደንበኛ ከመስጠቴ በፊት ግን 30 ሳንቲ ስፋት ያላቸው ሁለት ጣውላ መሳይ ቁራጮች ሠራሁ። አንዱ ባዶ፣ ሌላው ሁለት ድርብ መረብ ያለው። በ80 ሳንቲ ርቀት በቆሙ ብሎኬቶች ላይ አጋደምኳቸውና መሃላቸው ላይ ውሃ የሞሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችን አንድ በአንድ በገመድ አንጠለጠልኩ። ባዶው ሁለተኛው ጀሪካን ላይ ለሁለት ተከፈለ። ባለመረቡም ሁለተኛው ላይ ተሰነጠቀ፣ ግን ፀጉር በምታህል መስመር ብቻ። ሦስተኛውና አራተኛው ሲጨመሩ ስንጥቁ አልሰፋም፤ ከጎኑ ሌሎች ቀጫጭን ስንጥቆች ወጡ። ሲሚንቶው የለቀቀውን ጭነት ክሩ ይቀበላል ማለት ነው። መሃሉ ጎበጠ። በእኩል ውፍረትና ጭነት መስታወት ከብረት ሦስት እጥፍ ገደማ ይለጠጣልና አይገርምም። አምስተኛውን እንዳንጠለጠልኩ ቀጭ! አለና ወደቀ። እግሬን ለጥቂት!

የማልወድለት ይህን ነው። ፌሮ ከመበጠሱ በፊት ይሳባል፣ ያስጠነቅቃል። ይሄ አይናገርም። አንድ ደንበኛዬ ጀርመኖች ድሬስደን ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያስመረቁትን የካርቦን ኮንክሪት ቤት አይቶ «ሶሌታዬን (የቤቴን የኮንክሪት ጠፍጣፋ) በዚህ ሥራልኝ» ብሎኝ ነበር። ያኛው የካርቦን ክር ነው፣ ከጀርባውም የብዙ ዓመት ምርምር አለ። የኔ የልስን መረብ ነው። እምቢ አልኩት፤ ትንሽ ተቀየመኝ።

አሠራሩም ይመርጣል። ጠጠር በቀዳዳው አያልፍም፤ አሸዋውን በደቃቅ ወንፊት ነፍቼ ቀጠን አድርጌ ነው የማቦካው። መረቡ ከተጨማደደ ስንጥቁ እስኪሰፋ ድረስ ሥራ አይጀምርም፤ ስለዚህ ካሳ ፎርማው (ሲሚንቶው የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ላይ ወጥሬ እቸነክረዋለሁ። በድሬ ሙቀት ደግሞ ሳምንት ሙሉ እርጥብ ጆንያ ካላለበስከው ድካምህ ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ። የመጀመሪያው ጥቅልል ላይ ዚርኮኒያ ያለበት መስታወት ተብሎ ተጽፎበታል፤ የሲሚንቶን አልካሊ (መስታወት የሚበላውን ባሕርይ) የሚቋቋመው እሱ ነው። ሁለተኛውን ከሌላ ሱቅ በርካሽ ገዛሁ። ጽሑፍ የለበትም። ስጠይቀው ባለሱቁ «አቦ፣ መረብ መረብ ነው!» አለኝ። በእሱ የሠራሁትን ቁራጭ ውሃ በርሜል ውስጥ ፀሐይ ላይ ተውኩት። ከወራት በኋላ ስሰብረው ክሩ በጣቴ እንደ ደረቅ ሣር ተበጠሰ። ተራ መስታወት ሲሚንቶ ውስጥ ይበላል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። በዚያ መረብ የሠራኋቸውን አሥራ አንድ ጥላዎች በራሴ ወጪ ቀየርኩ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ አንድ ሜትር ብቻ ገዝቼ በሲሚንቶ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ። ባለፈው ወር የዘፈዘፍኩት እስካሁን አልተበጠሰም።