ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ የቺኑክ ኪት፣ ደሴ ላይ ገጣጥሜ ያበረርኩት

ሰላም ናችሁ፣ ይሄን የሪሞት ሄሊኮፕተር ኪት ያጎቴ ልጅ ከውጭ አምጥቶልኝ ሶስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ስገጣጥመው ከርሜ ባለፈው እሁድ ቦሩ ሜዳ ላይ አነሳሁት፣ በጣም ነው የወደድኩት። ትልቁ ቺኑክ፣ የአሜሪካ ጦር የጭነት ሄሊኮፕተር፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ነው መጀመሪያ የበረረው፣ ጭራው ላይ ትንሿ ፕሮፔለር የለችውም፣ የፊትና የኋላው በተቃራኒ ስለሚዞሩ አንዱ የሌላውን ጥምዘዛ ያጠፋዋል። ኪቱም ልክ እንደዛ ነው የሚሰራው።

ዋናው ጣጣ ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ ነው። የፕሮፔለሮቹ ክንፎች መሀል ላይ ስለሚደራረቡ ጊሩ አንድ ጥርስ ከዘለለ ይጋጫሉ፣ አለቀ። ለኔ የመጣው ጊር ደግሞ ጥርሱ ተበልቶ ነበር፣ በእጄ ሳዞረው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ለሻጩ ብጽፍለት ዝም አለኝ፣ ይሄ በጣም አናዶኛል። በኋላ ፒያሳ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት፣ ሰውዬው አገላብጦ አየውና "አብሽር" ብሎ ከነሐስ አወጣልኝ፣ እጁ ይባረክ፣ አሁን ድምፁ ጥፍት ብሏል።

ሌላው ከፍታው ነው፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ማንዋሉ ላይ ባለው ፒች (የክንፎቹ ማዘንበያ አንግል) አልነሳ ሲለኝ ትንሽ ጨመርኩለት፣ ከዛ ቀስ ብላ ስትነሳ ልቤ ቀጥ ልትል ነበር! ባትሪው ግን 6 ደቂቃ ይላል፣ እኔ ጋ 4 ነው። የምትገዙ ካላችሁ ግዙ፣ ጊሩን ግን ሳትገጥሙት በፊት ጥርስ በጥርስ እዩት፣ ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ ሞክሩት።