«የጽዳት ሠራተኛ» ተብሎ የተሸጠልኝ አዳኝ፦ ከባሕር ዳር ስለገዛኋቸው የንጹሕ ውኃ ሽሪምፖችና ስለሸጠልኝ ሱቅ

ባለፈው ኅዳር ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ሄጄ ሳለሁ፣ የጌጥ ዓሣና የአኳሪየም ዕቃ ከሚሸጥበት አንድ አነስተኛ ሱቅ ሁለት የንጹሕ ውኃ ሽሪምፖች (ቅርፊት ለበስ፣ ብዙ እግር ያላቸው ትንንሽ የውኃ እንስሳት) ገዝቼ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስሁ። ለእያንዳንዳቸው 700 ብር ከፈልሁ። ሻጩ ትሑትና ታጋሽ ወጣት ነው፤ ስለ እንስሳው የነገረኝ ግን ይህን ያህል ብቻ ነበር፦ «ጋሼ፣ ይኼ የጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ዓሣዎቹ ያስተረፉትን እየለቀመ ገንዳውን ያጸዳልዎታል። ወንድና ሴት ስለሆኑም ይራባሉ።» ሱቁን በስም የማልጠቅሰው ቅሬታዬ በዚህ አነጋገር ላይ እንጂ በጠቅላላው ሥራው ላይ ስላልሆነ ነው፤ በቀረው ነገር እንዲያውም ከጠበቅሁት በላይ አግኝቼዋለሁ።

መጠርጠር የነበረብኝ እዚያው ሱቁ ውስጥ ነበር። ጉፒና ሞሊ የሚባሉት ትንንሽ የጌጥ ዓሣዎች በአንድ ትልቅ ገንዳ ተቀላቅለው ሲዋኙ፣ ሽሪምፖቹ ግን ክዳናቸው በተበሳ የፕላስቲክ ዕቃዎች ውስጥ ለየብቻቸው ተቀምጠው ነበር። ሲያሽግልኝም ሁለቱን በአንድ ከረጢት አላደረጋቸውም። ለእያንዳንዱ ድርብ ከረጢት አዘጋጅቶ፣ ሲሶውን ውኃ፣ የቀረውን አየር ሞልቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ አቆመልኝ። እኔ ይህን ሁሉ ለደንበኛ ከማሰብ የመጣ ጥንቃቄ አድርጌ አመሰገንሁት። ጥንቃቄስ ነበር፤ ነገር ግን እጁ የሚያውቀውን አፉ አልነገረኝም።

እሽጉ ግን በእውነት የሚመሰገን ነው። መንገዱ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በተለይ እንጅባራ ላይ ያለው ብርድ ለሞቃት አገር እንስሳ የሚቻል አይደለም። ካርቶኑን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ተጓዝሁ፤ ማታ ቤቴ ስደርስም ሁለቱም በሕይወት ነበሩ። ሻጩ እንደመከረኝ ከረጢቶቹን በገንዳው ላይ አንሳፍፌ፣ በየአሥር ደቂቃው ግማሽ ስኒ የገንዳ ውኃ እየጨመርሁ አንድ ሰዓት ያህል ካላመድኋቸው በኋላ ለቀቅኋቸው።

አሁን ወደ እንስሳው ልምጣ። እነዚህ ሽሪምፖች ማክሮብራኪየም ከሚባለው ወገን ናቸው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ረጅም ክንድ» ማለት ነው፤ ሻጩ ይህን ስም ብቻ ቢነግረኝ ኖሮ ቀሪውን ራሴ በደረስሁበት ነበር። ወገኑ በእስያ፣ በአፍሪካና በአሜሪካ ሞቃት ውኃዎች የሚኖሩ ከ200 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከሁሉም ስመ ጥር የሆነውና በእስያ ለምግብ የሚረባው ማክሮብራኪየም ሮዘንበርጊ ሲሆን፣ የእርሱ ወንድ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የእኔዎቹ ከትንንሾቹ ዝርያዎች ናቸው፤ ስገዛቸው ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል የነበሩ ሲሆን፣ አሁን በእጄ ያለው ዘጠኝ ደርሷል። በእርግጥም የጽዳት ሥራ የሚሠሩ ሰላማዊ ሽሪምፖች አሉ። ቸሪ ሽሪምፕ የሚባለው ቀይ፣ ቁመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ እንደ ብሩሽ ያለ ጸጉር ያለው ዓይነት ከድንጋይና ከቅጠል ላይ አልጌ ከመጥረግ በቀር ማንንም የሚጎዳበት መሣሪያ የለውም። ገዢ ሁለቱን ለመለየት ሁለተኛውን ጥንድ እግር ማየት ይበቃዋል። ይህ እግር ከሌሎቹ ረዝሞ፣ ጫፉ ላይ የአንጥረኛ ጉጠት የመሰለ መቆንጠጫ ካለው፣ እንስሳው ምንም ያህል ትንሽና እንደ ብርጭቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢሆን አዳኝ ነው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በ100 ሊትር ገንዳዬ ውስጥ 11 ጉፒዎች ነበሩኝ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰባት ቀሩ። ሬሳ አላየሁም። መጀመሪያ ዘለው ወጥተው ይሆናል ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ፈለግሁ፤ ቀጥሎ የጎረቤትን ድመት አማሁ። ቀን ቀን ሽሪምፖቹ ከእንጨቱ ሥር ተሸጉጠው፣ ቅሪት እየለቀሙ፣ ልክ ሻጩ እንዳለው ትጉ ሠራተኞች መስለው ይውሉ ነበር። አንድ ሌሊት የስልኬን መብራት በቀይ ፌስታል ሸፍኜ ከገንዳው ፊት ተቀመጥሁ። ጉፒዎቹ አሸዋው አጠገብ ፈዝዘው አንቀላፍተዋል። ትልቁ ሽሪምፕ ከእንጨቱ ሥር ወጥቶ፣ ረጃጅም ጢሞቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ውኃውን እንደሚዳስስ ማየት የተሳነው ሰው በዝግታ ቀረበ። የአንዷ ጉፒ ጭራ የጢሙን ጫፍ ሲነካው ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ሁለቱ ክንዶቹ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ቀስ ብለው ተከፈቱና ባላየሁት ፍጥነት ተዘጉ። ወገቧን ይዞ ወደ እንጨቱ ሥር ጎተታትና ከሆዷ ጀመረ። በትናንሾቹ የፊት እግሮቹ ጥቂት በጥቂት እየነጨ ወደ አፉ ሲያደርስ፣ አለመቸኮሉ እንጀራ በወግ የሚቆርስ ሰው ይመስል ነበር። ተናደድሁ፤ ሆኖም እስኪጨርስ ድረስ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

በማግሥቱ ወደ ሱቁ ደወልሁ። ሻጩ አልካደም፤ «አንዳንዱ ክፉ ይወጣል» አለኝ። ይህ መልስ ትክክል አይደለም፤ የአንዱ ክፋት ሳይሆን የወገኑ ጠባይ ነውና። ዓሣው የተኛ፣ የታመመ ወይም ከአፉ መጠን ያነሰ ከሆነ ይበላዋል፤ የሚያጠግበው ሌላ ምግብ ቢኖር እንኳ ሙሉ በሙሉ አይተወውም።

በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ጠዋት ስነሣ አንዱ ሽሪምፕ ሞቶ በጎኑ ተጋድሞ አገኘሁ። ጢሙ፣ እግሩ፣ የዓይኑ ሽፋን ሳይቀር ሙሉ ነው፤ ነገር ግን በማንኪያ ሳነሣው ክብደት የለውም። ፎቶ አንሥቼ ለሻጩ ላክሁለት፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መለሰልኝ። አልሞተም፤ ቅርፊቱን ጥሎ ነው፤ የጣለውን አይውሰዱበት፣ ራሱ ይበላዋል አለኝ። እውነቱን ነበር። ሽሪምፕ የሚያድገው ጠንካራውን ቅርፊት እየጣለ ሲሆን፣ አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር አንድ ሁለት ቀን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ለማጠንከሪያ የሚሆነውን ካልሲየም ከፊሉን የሚያገኘውም ከጣለው ቅርፊት ነው። ምክሩ ግን ጎዶሎ ነበር። በእነዚያ ሁለት ቀናት መደበቂያ ከሌለው ጓደኛው ራሱ እንደሚበላው አልነገረኝም። በሁለተኛው ሌሊት ትልቁ ትንሹን በላው። የ700 ብር ኪሳራዬን የማስታውሰው በዚህ ነው።

ሻጩ «ይራባሉ» ያለውም እንዲሁ በቀላሉ የሚነገር አይደለም። የብዙዎቹ ዝርያዎች እጭ የሚያድገው ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ ነው፤ እናቲቱ በንጹሕ ውኃ ብትኖርም በንጹሕ ውኃ የቀሩት እጮች በጥቂት ቀናት ያልቃሉ። የሮዘንበርጊን ምሥጢር የደረሱበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ በማሌዥያ ፔናንግ ይሠሩ የነበሩት ሻው ዌን ሊንግ ናቸው፤ የዚህ ሽሪምፕ እርባታ ከዚያ በኋላ ነው በዓለም የተስፋፋው። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በአንድ ሳሎን ጥግ፣ ይህን መሞከር የእኔ ሥራ አይደለም።

ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ልበል። ከሽሪምፖቹ ጋር የሸጠልኝ ባለ 50 ዋት ሂተር (የውኃ ማሞቂያ) ለባሕር ዳር ሳይበቃ አይቀርም፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስትሆን ደብረ ማርቆስ ግን ወደ 2,450 ሜትር ትጠጋለች። በጥር ሌሊት የሳሎኔ ሙቀት ወደ 14 ዲግሪ ይወርዳል፤ እንስሳው የሚፈልገው ከ24 እስከ 28 ነው። ሂተሩ ያለ ዕረፍት እየሠራ ከ21 ሊያልፍ አልቻለም፤ ሽሪምፑም ምግብ መቀነስ ጀመረ። ሻጩ ሂተሩን መልሶ ወስዶ፣ ልዩነቱን ብቻ አስከፍሎ ባለ 150 ዋት ሰጠኝ። በዚህ ከልቤ አመሰግነዋለሁ። የደጋ ገዢ የማይዘነጋው ሌላም ነገር አለ። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ይብሱን ይቀንሳል። ስለዚህ የአየር ፓምፕ ለጌጥ የሚፈነዳ አረፋ አይደለም። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባለ ባትሪ ፓምፕ ከዚሁ ሱቅ ገዝቻለሁ፤ ከገዛሁት ሁሉ ያልተጸጸትሁበት እርሱ ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እነቅፋለሁ። የዓሣ ነጭ ነጠብጣብ በሽታ መድኃኒት ስጠይቀው ያለ ምንም ማሳሰቢያ ያቀበለኝ ጠርሙስ ኮፐር ሰልፌት ያለበት ነበር። መዳብ ለሽሪምፕ መርዝ ነው፤ ለዓሣ በሚታዘዘው መጠን እንኳ ሽሪምፑን ሊገድለው ይችላል። በጠርሙሱ ጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ መነጽሬን አድርጌ ባላነበው ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

ዛሬ የተረፈው ሽሪምፕ 60 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ብቻውን ይኖራል። ከተሰበረ እንስራ የወሰድሁት ገልና አንድ ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ መደበቂያው ናቸው፤ ለካልሲየም ከደጀን አካባቢ የመጣች የኖራ ድንጋይ ከጥግ አስቀምጬለታለሁ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ አሳድሬ በየሳምንቱ ሩቡን እለውጥለታለሁ። ምግቡ የቆሮሶ ሥጋ ቅንጣቢ፣ የተቀቀለ አተርና ካሮት ነው። ከጣቴ መቀበል ከጀመረ ወር አልፎታል፤ መጀመሪያ በጢሙ ጣቴን ዳስሶ፣ ከዚያ በአንድ ክንዱ ብቻ፣ እንደ ትሑት እንግዳ ይወስዳል። ቀለሙም ከብርጭቆነት ወደ ቡናማ ተለውጦ፣ ክንዶቹ ላይ ደቃቅ ነጠብጣብ አውጥቷል። አማቴ መጀመሪያ ያዩት ቀን «ምነው ልጄ፣ ጊንጥ ቤት አስገቡብን?» ብለው አማተቡ፤ እንደ ዓሣ ክንፍና ቅርፊት ስለሌለው የማይበላ ነገር መሆኑን ከሰሙ በኋላ ደግሞ ለምን እንደሚቀለብ ሊገባቸው አልቻለም። አምባዛ እንኳ በማይገባበት ቤት ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። አሁን ግን ቡና ሲፈላ ወንበራቸውን ወደ ገንዳው አስጠግተው ነው የሚቀመጡት።

በቁጣዬ ጊዜ ስለ ሽሪምፑ ያማከርሁት አንድ ወዳጄ «ጨሞጋ ላይ ጣልና ተገላገል» ብሎኝ ነበር። ጨሞጋ ወደ ዓባይ ይገባል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በጣና ላይ ከእምቦጭ ጋር የሚታገለውን ገበሬ ያየ ሰው የባዕድ አገር ፍጥረት ወደ ወንዝ አይለቅም፤ ሻጩም ለገዢው ሁሉ ይህን ቢያስጠነቅቅ መልካም ነው።

እንግዲህ ግዙ ወይስ አትግዙ ለሚለኝ፦ ዓሣ ላለበት ገንዳ ፈጽሞ አይገዛም፤ ለብቻው ገንዳ ለሚያዘጋጅለትና ማታ ማምሸት ለሚወድ ሰው ግን 700 ብሩ አይቆጭም። የሱቁ እሽግ፣ ዕቃ መለወጡና ስልክ ማንሣቱ ከማውቃቸው ሁሉ ይበልጣል።

በሚያዝያ ለምግብና ለፊልተር ስፖንጅ ወደዚያው ሱቅ ተመልሼ ሄድሁ። ሽሪምፖቹ አሁንም ለየብቻቸው፣ አሁንም በተበሳ ክዳን ሥር ናቸው። ከእኔ ፊት የነበረች አንዲት ወጣት «ይኼስ ምንድን ነው?» ስትል ሻጩ «የጽዳት ሠራተኛ ነው» ሲላት ሰማሁ። «እህቴ፣ ዓሣ አለሽ?» አልኋት። እንዳላት ነገረችኝ፤ ያየሁትን በአጭሩ ነገርኋት። ሦስት ጉፒ ይዛ ወጣች። ሻጩ ምንም አልተናገረም፤ የእኔን ሒሳብ ሲያሰላ ግን የወትሮውን ቅናሽ ዘለለው።