ለመምህር የሚገባ ጋቢ፦ በደሴ ስለሚገኝ አንድ የሽመና ቤት

ለቀድሞ የሒሳብ መምህራችን የምስጋና ስጦታ ይሆን ዘንድ፣ በደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከሚገኝ አነስተኛ የሽመና ቤት ያሠራነው ጋቢ ከጠበቅነው በላይ ሆኖ አግኝተነዋል። ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ስለሆነ፣ አራት ድርብ ሆኖ ሳለ ትከሻ ላይ አይከብድም፤ ሲታጠብም ጥለቱ ቀለም አለመልቀቁን የመምህራችን ባለቤት ነግረውናል። ደሴ አጠገብ ያለውን የጦሳ ተራራ ብርድ የሚያውቅ ሰው የእንዲህ ያለ ጋቢ ዋጋው ይገባዋል።

ከሁሉ አስበልጬ የማደንቀው ግን ሸማኔው ሥራውን የያዙበትን አክብሮት ነው። ጋቢው ለመምህር መሆኑን ስንነግራቸው የመምህራችንን ቁመትና ዕድሜ ጠየቁ፤ እኛ ሰፊና ደማቅ ጥለት መርጠን ሳለ፣ ለአንጋፋ ሰው ጠበብ ያለና ረጋ ያለ ቀለም እንደሚያምር አስረድተው ናሙና አሳዩን። ምክራቸው ትክክል ነበር። መምህራችን ከክፍል ሰዓት ውጭ ያለ አንዳች ክፍያ ያስጠኑን፣ መልሳችን ልክ ቢሆን እንኳ የደረስንበትን መንገድ በሰሌዳ ላይ ለጓደኞቻችን ሳናስረዳ እንድንቀመጥ የማይፈቅዱ ሰው ነበሩ፤ ዛሬ ከመካከላችን ሐኪም የሆነውም፣ ነጋዴ የሆነውም አስቦ መሥራትን የተማረው ከእርሳቸው ነው። ለእንዲህ ያለ ባለውለታ የተገኘውን ገዝቶ መስጠት አይሆንልንም ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተማሪያቸው ተሰብስቦ ጋቢውን ሲያለብሳቸው፣ በወሎ ወግ ረጅም ምርቃት መረቁን፤ እኛም «አሚን» እያልን ተቀበልን።

የቤቱ ጉድለት ቀጠሮ አለማክበሩ ነው፤ ሥራው ከተባለው ቀን ዘግይቷል። የተረከብነውም በስስ ፌስታል ስለሆነ፣ ለስጦታ የሚያሠራ ሰው መያዣውን ራሱ ቢያዘጋጅ ይሻላል። ዋጋው ግን ቀብድ ስንከፍል የተስማማንበት ነበር፤ ኋላ የተጨመረብን የለም።

የመምህራን ጉዳይ ምክረ ሐሳብ፣ ዩኔስኮ ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር በመተባበር በጠራው ጉባኤ በ1959 ዓ.ም. የጸደቀው መስከረም 25 ቀን ነበርና፣ የዓለም መምህራን ቀን በየዓመቱ የሚከበረው በዚሁ ዕለት ነው። ለዚህ ቀን ጋቢ ማሠራት የሚሻ ሰው ትእዛዙን ከነሐሴ በፊት ቢሰጥ እመክራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሸማኔዎቹ በዘመን መለወጫና በመስቀል ሥራ ይጠመዳሉ።