ስፕሪንግ ቡት ከታይምሊፍ ጋር፦ መመዝገቢያው ይቀላል፣ ማረሚያው ይፈትናል

ቀፊራ ላለ ጅምላ ሻጭ የዱቤ ደንበኞች መዝገብ፣ ከዚራ ላለ ፋርማሲ የመድኃኒት ዝርዝር፣ ሳቢያን ላለ ክሊኒክ የታካሚ ካርድ፦ ድሬዳዋ ላይ የሚታዘዝ አነስተኛ ሶፍትዌር ተጨምቆ ሲታይ ሁለት ገጽ ነው፤ አዲስ መመዝገቢያና የተመዘገበውን ማረሚያ። ለዚህ ሥራ ከጃቫ ፍሬምወርኮች (ለፕሮግራም ዝግጁ መሠረት ከሚሰጡ የኮድ ስብስቦች) መካከል ስፕሪንግ ቡትን ገጹን ከሚሠራው ከታይምሊፍ ጋር መያዝ ያዋጣል። መመዝገቢያው ቶሎ ያልቃል። ማረሚያው ላይ ግን ፍሬምወርኩ ብዙ ነገር ለፕሮግራመሩ ይተዋል፤ የተወውንም አይናገርም።

ቫዲን የሚባለውን ሌላ የጃቫ ፍሬምወርክ የሚመርጡ አሉ። ፎርሙ ያምራል፣ ሁሉም በጃቫ ይጻፋል። ሆኖም የገጹን ሁኔታ ሰርቨሩ ሴሽን (ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ውስጥ ስለሚይዝ ተጠቃሚው የሚነካው አብዛኛው ነገር ሰርቨር ደርሶ ይመለሳል፤ በስልክ ዳታ ለሚሠራ ሱቅ ያስመርራል። ታይምሊፍ ያለቀለት ኤችቲኤምኤል ልኮ ሥራውን ይጨርሳል። ፎርሙ እየተሞላ ኔትወርክ ቢቆራረጥ የሚጠፋ ነገር የለም።

የስፕሪንግ ቡት ስሪት 3 ቢያንስ ጃቫ 17 ይፈልጋል። የሚጨመሩት የዌብ፣ የታይምሊፍ፣ የዳታ ጄፒኤ (ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው) እና የቫሊዴሽን (የገባውን መረጃ የሚፈትሸው) ስታርተሮች፣ ማለትም ዝግጁ የላይብረሪ ጥቅሎች፣ በተጨማሪም የዳታቤዙ ድራይቨር ናቸው። ቫሊዴሽን ከስሪት 2.3 ጀምሮ ከዌብ ስታርተሩ ስለወጣ ለብቻው መጨመር አለበት። ከድሮ ቱቶሪያል የተቀዳ ጃቫክስ (የጃካርታ የቀድሞ ስም) የሚል ኢምፖርት ከነላይብረሪው ከገባ ደግሞ ኮዱ ኮምፓይል ያደርጋል፣ ገጹ ይከፈታል፣ ባዶ ስምም ያለ ምንም ተቃውሞ ይመዘገባል። ኢምፖርቱ ጃካርታ መሆኑን በዓይን ማየት ይበጃል።

መመዝገቢያው ሲከፈት ኮንትሮለሩ (ጥያቄውን የሚቀበለው ክላስ) ባዶ የፎርም ኦብጀክት ሞዴሉ (ለገጹ የሚተላለፈው መረጃ) ላይ ማስቀመጥ አለበት፤ ካልተቀመጠ ታይምሊፍ ገጹን መሥራት አቅቶት ኤረር ይወረውራል። ፎርሙ ተሞልቶ ሲመጣ ቫሊድ የሚለው አኖቴሽን (ኮድ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ያለበትን ፓራሜትር፣ የስህተቶቹን ዝርዝር የሚይዘው ባይንዲንግ ሪዘልት ወዲያውኑ መከተል አለበት። በመካከላቸው ሞዴል ከገባ ጉዳዩ ተንኮለኛ ነው፤ ትክክለኛ መረጃ ሲገባ ሁሉም ይሠራል፣ ስልክ ቁጥር ሲጎድል ግን በቀይ መልእክት ፈንታ 400 (የተሳሳተ ጥያቄ) የሚል ገጽ ይወጣል። በትክክለኛ መረጃ ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን አያገኘውም።

ባዶ የተተወ የጽሑፍ ሳጥን የሚልከው ነል (ምንም ዋጋ አለመኖር) ሳይሆን ባዶ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ለስም፣ ለአባት ስምና ለአያት ስም ኖትነል አይበቃም፣ ኖትብላንክ ያስፈልጋል። ሴቭ ከተደረገ በኋላ ሪዳይሬክት (ብራውዘሩን ወደ ሌላ ገጽ መምራት) ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ገጹን ሪፍሬሽ ያደረገ ሰው አንድን ደንበኛ ሁለት ጊዜ ይመዘግባል።

ማረሚያው ላይ የሚደርሰው ትልቁ ጉዳት ከአቋራጭ ይመጣል። ብዙ ማሳያ ኮዶች የዳታቤዙን ክላስ ራሱን የፎርሙ ኦብጀክት ያደርጉታል። ጸሐፊዋ የደንበኛውን ስልክ ብቻ አርማ ስትልክ ስፕሪንግ አዲስ ኦብጀክት ፈጥሮ ፎርሙ ላይ ያሉትን ይሞላል፤ ፎርሙ ላይ የሌሉት፣ ለምሳሌ የተመዘገበበት ቀንና የዱቤ ጣሪያው፣ ነል ሆነው ይቀራሉ። ሴቭ ሲባል ነሉ የነበረውን ይደመስሳል። ኤረር የለም፣ ሎግ ላይም ምንም አይታይም። መፍትሔው ለፎርሙ የራሱን ትንሽ ክላስ መሥራት፣ መዝገቡን በመለያ ቁጥሩ ከዳታቤዝ ማምጣት፣ ከዚያ የሚታረሙትን ብቻ መገልበጥ ነው። ይህ ተንኮል አስቦ የዱቤ ጣሪያውን በተጨማሪ ፊልድ ለሚልክም በሩን ይዘጋል።

ሁለት ሠራተኞች አንድን መዝገብ በአንድ ጊዜ ከከፈቱ የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋል። ለዚህ፣ መዝገቡ በታረመ ቁጥር የሚጨምር ቁጥር የሚያስይዝ ቨርዥን የሚባል አኖቴሽን አለ፤ ቁጥሩ በስውር ፊልድ አብሮ መጓዝ አለበት። ነገር ግን መዝገቡን አምጥቶ የመጣውን ቁጥር ላዩ ላይ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገረው ሃይበርኔት የሚያነጻጽረው ራሱ ያነበበውን ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በኮድ አነጻጽሮ፣ ከተለያዩ «ሌላ ሰው አርሞታል» ብሎ ገጹን እንደገና ማሳየት ያስፈልጋል።

ቀን ሌላው መሰናክል ነው። የብራውዘሩ የቀን ሳጥን የሚቀበለው ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሰረዝ ተለይተው ሲመጡለት ብቻ ነው። ዴትታይምፎርማት የሚለው አኖቴሽን በዚሁ (በአይኤስኦ) አቀማመጥ ካልተደረገ ማረሚያው ሲከፈት ሳጥኑ ባዶ ይሆናል፤ ጸሐፊዋ ሳታየው ትልከዋለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚሠራ ደንበኛ የጃቫ የራሱ የጊዜ ላይብረሪ አይበቃም፤ ስሪቴን-ኤክስትራ የተባለው ተጨማሪ ላይብረሪ የኢትዮጵያን ካላንደር ይዟል። ዳታቤዝ ላይ በጎርጎርዮስ አስቀምጦ ሲታይ መለወጥ ይሻላል፣ የወሩ ገደብም 13 ይሁን፣ አለዚያ ጳጉሜን የተወለደ ሰው አይመዘገብም።

መብራት ለሚጠፋበት ቦታ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የጥበቃ ክፍሉ ስፕሪንግ ሴኩሪቲ የሲኤስአርኤፍ ቶክኑን (ፎርሙ ከራሱ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጠውን ምስጢራዊ ኮድ) የሚያስቀምጠው ሴሽን ላይ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰርቨር ጠፍቶ ሲነሳ ቀድሞ በስልክ የተከፈተው ፎርም 403 (ተከልክሏል) ይዞ ይመለሳል፣ የተጻፈውም ከንቱ ይቀራል። ሴሽንን ፋይል ላይ የሚያቆየው ቅንብር የሚጽፈው ሰርቨሩ በሥርዓት ሲዘጋ ስለሆነ ለድንገተኛ መጥፋት አይረዳም። ስፕሪንግ ሴሽንን ከጄዲቢሲ (የጃቫ የዳታቤዝ ማገናኛ) ጋር ጨምሮ ሴሽኑን ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ ችግሩን ይፈታዋል፤ የሚጠይቀው አንድ ዲፔንደንሲና ሁለት ሠንጠረዦች ነው።