«8 ጊጋባይት ግራፊክስ አለው» ተብሎ የተሸጠልኝ ላፕቶፕ

በካርታ ሥራ የምትተዳደሩ፣ በተለይ አርክ ጂአይኤስ ፕሮ የተባለው የካርታ ፕሮግራም የሚጫንበት ያገለገለ ላፕቶፕ የምታፈላልጉ ሰዎች፣ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ለትንሿ የቅየሳ ቢሯችን ሦስት ላፕቶፖች የገዛሁት መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ሻጩ «ኮር አይ7፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ 8 ጊጋባይት ግራፊክስ» ብሎ ደረደረልኝ። ፊቴ ላይ ጥርጣሬ ቢያይ ዲኤክስዲያግ የሚባለውን የዊንዶውስ መፈተሻ ከፍቶ ከስምንት ሺህ ሜጋባይት በላይ የሚል ቁጥር በጣቱ ጠቆመኝ። በዓይኔ አይቼ እንዴት ልከራከር? ከፈልኩ።

ቢሮ ደርሰን በድሮን የተነሳ ኦርቶፎቶ (እንደ ካርታ እንዲለካ ተደርጎ የተስተካከለ የአየር ፎቶ) ስንከፍት ግን ካርታው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ማያው ነጭ ሆኖ ይቆያል። ሕንፃዎቹን ከነከፍታቸው ለማየት ስንሞክር ፕሮግራሙ ጭራሽ ደርቆ ቀረ።

ነገሩ ኋላ ተገለጠልኝ። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ለምስል ሥራ ከራሙ ይበደራል፤ ዊንዶውስም እስከ ግማሹ ድረስ ይፈቅድለታል። ሻጩ በኩራት ያሳየኝ የዚህን ብድር ጣሪያ ነበር፤ ያውም ከገዛ ራሜ። እዚያው ገጽ ላይ አንድ መስመር ዝቅ ብል የኮምፒውተሩ የራሱ የግራፊክስ ማህደር 128 ሜጋባይት ብቻ መሆኑ ተጽፏል። የአርክ ጂአይኤስ ፕሮ ሠሪ ኤስሪ የሚመክረው ደግሞ ከራም ጋር ያልተጋራ 4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ነው። ሰውዬው አልዋሸም ማለት ይቻላል፤ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ግን አሳምሮ ያውቃል።

«አይ7» የሚለው የፕሮሰሰር ስምም አያታልላችሁ። የእኛዎቹ አይ7-7500ዩ ናቸው፤ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጡ፣ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚከፋፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብቻ ያላቸው። ኤስሪ አራት ኮርና 32 ጊጋባይት ራም ይመክራል። በዚያ ላይ ይህ ፕሮሰሰር ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከተቀበላቸው ውስጥ የለም። ስለዚህ ተጭኖበት ብታገኙት በጓሮ በር የገባ ነው።

አብሮ የሸጠልን ስዊችም (ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኘው ሳጥን) የሚያሳልፈው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ስምንት ሜጋቢት ደግሞ አንድ ሜጋባይት ነው። 40 ጊጋባይት ፋይል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ለማሻገር በዚህ ፍጥነት 53 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ አሥር እጥፍ በሚፈጥነው በጊጋቢት ስዊች ግን ከአምስት ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ገመዱንም ፈትሹ፤ ስምንቱም ሽቦዎች ካልታሰሩ ጊጋቢት አይሠራም።

ልመልስ ብዬ ስሄድ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ኮር አይ7 ላፕቶፕ» ብቻ ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ እኔ ግን ሻጩ በቃሉ የነገረኝን በምን ላረጋግጥ? እናንተ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የግራፊክስ ካርዱን ስምና የራሱን ማህደር መጠን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። አልጽፍም ካለ ጥላችሁ ውጡ። ከተቻለም ከሥራችሁ ከባዱን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍቱት፤ እኔ ይህን ማድረግ አፍሬ ነበር።

በሦስቱ ላፕቶፖች አሁን ኪውጂአይኤስ በተባለ ነፃ የካርታ ፕሮግራም የይዞታ ወሰን መስመር እንሠራባቸዋለን፤ ለዚያ አያንሱም። ኦርቶፎቶውን ግን አሁንም የምንከፍተው አንድ ባልደረባችን ቤት ሄደን፣ ልጁ ጌም በሚጫወትበት ኮምፒውተር ነው።