በነሐሴ ቅናሽ የገዛኋቸው ዘጠኝ ችግኞች፣ ከዓመት በኋላ

አምና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኮምቦልቻ ያለ አንድ የችግኝ መሸጫ በግማሽ ዋጋ እየሸጠ ነው ሲሉኝ ጊዜ አልፈጀሁም። ከደሴ ወረድኩና ዘጠኝ የፍራፍሬ ችግኝ ገዝቼ ተመለስኩ። ሦስት የተዳቀለ አቮካዶ፣ ሁለት አፕል፣ ሦስት ፓፓያና አንድ ማንጎ። በጠቅላላ 760 ብር። ሰኔ ላይ ቢሆን እጥፍ እከፍል ነበር። አስተያየቴን ለመጻፍ ዓመት የጠበቅሁት ሆን ብዬ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንትማ የማያምር ችግኝ የለም።

መጀመሪያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ሻጩ ቅናሹ ለምን እንደመጣ አልደበቀኝም። «ወንድሜ፣ ዝናቡ ሊወጣ ነው። በጋውን ሙሉ ውሃ ሳጠጣ ከምከርም ልሽጠው ብዬ ነው። አብሽር፣ ካጠጣኸው ይይዛል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰው ችግኝ የሚተክለው ሰኔና ሐምሌ ነው፣ የተረፈው ነሐሴ ላይ ይረክሳል። የቀነሰልኝ ብር ግን የትም አልሄደም፣ በጀሪካን ተመልሶ ወጣ። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ በየሦስት ቀኑ ለእያንዳንዱ ችግኝ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ሳመላልስ ከረምኩ። በልግ ያግዘኛል ብዬ ነበር፣ የወሎ በልግ ግን ታውቁታላችሁ፣ ቃል ይገባና ይቀራል። በዚያ ላይ ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት የሐረጎን ዳገት ሳንጀምር ለችግኞቹ የሁለት ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ። ቅርንጫፉ ፊቷን ሲነካት የነበረችው እናት ደግሞ «ልጄ፣ ፍሬው ሲደርስ ለኔም ትልካለህ» ብላኛለች። ዕዳ አለብኝ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የተረፈ ችግኝ ማለት ፕላስቲኩ ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ነው። ቤት ገብቼ ፕላስቲኩን ስቀድ የሁለቱ አቮካዶ ሥር ከታች እንደ ገመድ ተጠምጥሞ አገኘሁት። እንዲህ ያለውን እንዳለ ከተከላችሁት ሥሩ እዚያው ሲዞር ይኖራል እንጂ ወደ አፈሩ አይዘልቅም። የተጠመጠመውን በምላጭ ከታች ሰነጣጥቄ፣ 60 ሳንቲሜትር የጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ የበሰበሰ ፍግ ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅዬ ተከልኩት። ስለዚህ ስትገዙ ቁመቱ አያታላችሁ። ከረጢቱን ገልብጡና ከታች ሥር መውጣት አለመውጣቱን እዩ። እኔ ረጅም ረጅሙን መርጬ ነው የተሞኘሁት። ሦስተኛውና አጭሩ አቮካዶ ነው ዛሬ ሁሉንም የሚበልጠው።

ሁለቱን አቮካዶ ሐይቅ ከተማ እናቴ ጓሮ ነው የተከልኩት። አንደኛው ያ አጭሩ ነው። ሌላኛው «ሃስ» የሚባለው ዝርያ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ነበር። ጥር ላይ እናቴ «ያመጣኸው አቮካዶ አቆጠቆጠ!» ብላ በደስታ ደወለች። ሄጄ ሳየው ያቆጠቆጠው ከመገጣጠሚያው፣ የተዳቀለው ቅርንጫፍ ከመሠረቱ ግንድ ጋር ከተጣበቀበት ቦታ፣ በታች ነው። ከላይ የተዳቀለው ደርቋል፣ የበቀለው መሠረቱ፣ ያው ከፍሬ የተዘራ የአገራችን አቮካዶ ነው። የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ፍሬ ይሰጣል፣ ይኼኛውን ስንት ዓመት እንደምንጠብቀው እንጃ። እናቴ ግን «ቅጠል ካለው ምን አጎደለ» ብላ እንድነቅለው አልፈቀደችም።

ማንጎውን ደሴ መትከሌ የኔ ጥፋት ነው፣ ግን የሻጩም ነው። የት እንደምተክለው ነግሬው ነበር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ማንጎ ቆላ ነው የሚወደው። ኅዳር ላይ አመዳይ መታውና ጠዋት ስነሳ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። «ለደሴማ ይኼ አይሆንህም» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። በወሎ ችግኝ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የት ነው የምትተክለው?» ብሎ ነው።

ፓፓያዎቹን ለእህቴ ሐርቡ ላክሁላት። ሻጩ «ሁሉም ሴት ናቸው፣ ሙሉ ልብ ይሁንህ» ብሎኝ ነበር። ፓፓያ ሳያብብ ወንድ ይሁን ሴት በዓይን አይቶ ማንም አያውቅም። እህቴ ሚያዝያ ላይ ደወለች፤ «ሁለቱ ረጅም ዘለላ አበባ አንጠልጥለው ቆመዋል፣ አንዷ ብቻ ግንዷ ላይ ፍሬ ይዛለች» አለችኝ። አንዱን ወንድ ቆርጣ ሌላውን ለአበባ ብናኝ ትታዋለች።

አፕሎቹ ግን፣ ማሻአላህ! አንዱ «አና» የሚባለው ዝርያ ነው፣ ሌላው «ዶርሴት ጎልደን»። ሻጩ ሁለቱን ጎን ለጎን ትከላቸው፣ አንዱ ለሌላው የአበባ ብናኝ ይሰጠዋል ያለኝ ትክክል ነበር። ብርዱ ተስማምቷቸዋል። ዘንድሮ ጥቂት አበባ አውጥተው አራት ፍሬ ያዙ፣ ዛፉ ገና ልጅ ስለሆነ ሥር ይስደድ ብዬ ፍሬዎቹን ቀነጠስኳቸው። ልጆቼ ለሁለት ቀን አኮረፉኝ።

ሌላው ቅሬታ፣ ምልክት የለም። ስሙ በእስክሪብቶ ከረጢቱ ላይ ተጽፎ ዝናብ አጥቦታል፣ የትኛው አቮካዶ ሃስ፣ የትኛው ኢቲንገር የሚባለው ዝርያ እንደሆነ ሻጩም በግምት ነው የነገረኝ።

ከአምስት ሦስት እሰጣለሁ። ሁለት የቀነስኩት አንዱን ለማንጎው፣ አንዱን ለደረቀው «ሃስ» ነው። ዘንድሮም እሄዳለሁ፤ ሁለት ፕሪም እፈልጋለሁ። ቅናሹ ነሐሴ 20 አካባቢ ይጀምራል ብለውኛል፣ ጀሪካኖቼን ከአሁኑ እያጠብኩ ነው።