ሞተር ሲግል፦ ክፍተት ማሸግ ወይስ መውጫ ማስፋት?

ቤት ውስጥ የተሠራ ትንሽ አውሮፕላን፣ ለምሳሌ በአየር የሚቀዘቅዝ ላይካሚንግ ኦ-320 ሞተር የተገጠመለት አርቪ-6፣ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ከጋለ ባለቤቱ ሁለት መንገድ ይታየዋል። ባፍል የሚባለውን አየር መምሪያ ቆርቆሮ ማሸግ፣ ወይም ከሞተሩ ሽፋን ሥር ያለውን የአየር መውጫ ማስፋት።

እኔ ያለ ጥርጥር ከማሸጉ ጀምሩ እላለሁ። በፊት ለፊት የገባው አየር ከሞተሩ በላይ ተጠራቅሞ በሲሊንደሮቹ ቀጫጭን የብረት ክንፎች መሃል ወደ ታች መውረድ አለበት፤ በባፍሉ ዳር ያለው ላስቲክ ከታጠፈ ወይም ጥግ ላይ ክፍተት ካለ ግን ምንም ሳያቀዘቅዝ ሾልኮ ይወጣል። ማታ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በመውጫው መብራት አስገቡና በፊት መግቢያው እዩ። ከክንፎቹ መሃል ውጭ ብርሃን ያሳለፈ ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነው። ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ርካሽ ነው፣ ካልተስማማም ይላጣል።

መውጫውን ማስፋት ሌላ ነገር ነው። ፋይበርግላስ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ፤ የአየር መጎተትም ጨምሮ ፍጥነት ሊቀንስ ይችላል። ግን ሲሊንደሮቹ ሁሉ እኩል ከጋሉ፣ ማሸጉም ካልረዳ፣ ነዳጁና የእሳት አሰጣጡም ልክ ከሆኑ፣ የሚያዋጣው እሱ ነው።

አንዱ ብቻ ከጋለ መውጫውን አትንኩ! የሙቀት መለኪያውን ከጎረቤት ሲሊንደር ጋር ቀያይሩ፤ ከፍተኛው ንባብ መለኪያውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የመለኪያው ነው። የሲሊንደር ራስ የሙቀት ጣሪያው 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆንም፣ ሞተሩ እንዲቆይላችሁ 224 አካባቢ ሲደርስ አፍንጫውን ዝቅ አድርጉና ፍጥነት ጨምሩ።